ከጃታኒ ጋር የቀጠልኩት ሽቦ

ጥር 5 ቀን 2007፣ ማክሰኞ

ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ጨረስኩ። የመቶ አለቃው ሚስት ቀሚስ ወገቡ ጠበባት... ፈትቼ እንደገና። የወፈረችው እሷ፣ የምትቆጣው እኔን።

ባሌን ጃታኒን ጠዋት አጠብኩት። ቀኝ እጁን ሳነሳው እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል። ገንፎ አበላሁት፣ ግማሹ በአገጩ ወረደ። "ጠገብክ?" አልኩት። "ሐሙስ" አለኝ። ውሃ ልስጥህ ስለው ሐሙስ። ሽንት ቤት ስለው ሐሙስ። ስትሮክ ከጣለው ከኅዳር ወዲህ ከአማርኛው የተረፈችው ይቺ አንድ ቃል ናት። ለምን ሐሙስ? የወደቀው እንኳ ሰኞ ነው።

ዶሮዎቹ በረንዳው ላይ የቆመው የጃታኒ ሞተርሳይክል መቀመጫ ላይ ዕንቁላል መጣል ጀምረዋል። ሸራውን ገፍፌ ላባርራቸው አሰብኩና... ደከመኝ። ይጣሉ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ወገቤን አመመኝ። ሌላ ምንም የለም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ዓብዱሰላም መጣ። የጃታኒ የጥንት ጓደኛ ነው፣ መናኸሪያው ጎን የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሱቁን ዘግቶ ለሶላት ሲወጣ በኛ በኩል ጎራ ይላል። ዛሬ ቆሞ ሞተሩን ሲያይ ቆየ።

"እህቴ ደስታነሽ፣ ዝገት ከሚበላው እኔ ልውሰደው። ለመለዋወጫ። ጎማው ደህና ነው፣ የቤንዚን ሰልባትዮውም ይፈለጋል።"

"መካኒክ አይጨርሰውም?"

"ሁለት አምጥቼ አሳየሁ እኮ። የሰው ጅምር ነው፣ ምን የት እንደሚገባ ከጃታኒ በቀር የሚያውቅ የለም አሉ።"

እውነቱን ነው። ሞተሩ አርጅቷል። ጃታኒ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲያወጣው ልጃችን ቤቲ ገና አልተወለደችም። በሱ ነው ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረው። ሽቦው ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ለሁሉም ነገር ያለችው አንዲት ፊውዝ ነበረች፤ እሷ በተቃጠለች ቁጥር የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ እዚያው ይሰካ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ዋጪሌ መንገድ ላይ በጉልበቶቹ መሀል ጭስ ወጣ። "እንዲህ አይኬድም፣ እንደ ገና እሠራዋለሁ" አለ። ኅዳር ላይ ፈቃድ ወጣ። አሮጌውን ሽቦ አብዛኛውን በጣጥሶ ጣለ። አዲስ ሽቦና ስድስት ፊውዝ የምትይዝ ሳጥን ከዓብዱሰላም ሱቅ አመጣ። ሰኞ ጠዋት ፒንሳውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ወደቀ።

እኛ ይህን ስናወራ ከመኝታ ቤት ኩባያ ተወረወረ። ግድግዳው ላይ ሻይ... "ሐሙስ! ሐሙስ! ሐሙስ!" ዓብዱሰላም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

እትዬ ቃባሌ ደወሉ። የጃታኒ ታላቅ እህት፣ ዱብሉቅ ያሉት። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ እንዲያዳምጥ ሰጥቼው ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ድምፅ ሰማሁ። ወሬ! በኦሮምኛ። እየተሰናከለ፣ እየቆመ፣ ግን የሰው ወሬ። "ቢሻን" ሲል ሰማሁ፣ ውሃ። "ሎን" ሲል ሰማሁ፣ ከብት። የሳቀም መሰለኝ። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ በሩ ላይ ቀረሁ።

ሲያየኝ ዝም አለ።

"ምን አሉህ?" አልኩት። አፉን ከፈተ... ግንባሩ አላበው... "ሐሙስ።"

ስልኩን ተቀበልኩ። እትዬ ቃባሌ በዚያ በገበያ አማርኛቸው፦ "ደስታነሽ፣ ወንድሜ አፍ አለው። አንቺ ቤት ነው አፍ የሌለው። እኔ ጋ ይምጣ።"

ክፋት የለባቸውም። እውነት ስለሆነ ነው ያቃጠለኝ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ሆስፒታል ወሰድኩት። ባጃጁ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሰው ረዳኝ።

ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ግን ይሰማል። ስለ ስልኩ ነገርኩት። "አንዳንድ ሰው ላይ የልጅነት ቋንቋው ቀድሞ ይመለሳል" አለኝ። "ከርስዎ ጋር ሁሌም አማርኛ ስለሚያወራ፣ እርስዎን ሲያይ የሚፈልገው አማርኛውን ነው። እሱ ደግሞ የለም። እርስዎ በኦሮምኛ ያናግሩት።"

እሺ አልኩ። አልችልም ለማለት አፈርኩ! እዚሁ ነገሌ ተወልጄ፣ የቦረና ሰው አግብቼ ሃያ አራት ዓመት... የኔ ኦሮምኛ አካም ነው፣ ናጋ ነው፣ ሜቃ ነው፣ ስንት ነው ማለት። ከገበያ አያልፍም። አባቴ ከሰሜን የመጣ የክፍለ ጦሩ ወታደር፣ ደንበኞቼ የወታደር ሚስቶች። ቤቲ በትምህርት ቤት ተማረችው፣ ከአባቷ ጋር ያወራሉ፣ እኔ ወጥ አማስላለሁ። ጃታኒ "አማርኛዬን ባንቺ ነው የተማርኩት" ይል ነበር፣ ደስ ይለኝ ነበር። እኔስ በሱ ምን ተማርኩ? እናቱ ታመው እዚህ ቤት ሦስት ወር ሲተኙ ምን አወራኋቸው? ፈገግ እያልኩ ሻይ ማቀበል...

ጥር 27፣ ረቡዕ

ልብስ አድርሼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው።

በረንዳው ላይ ነበር። በደረቱ ተስቦ፣ ሸሚዙ አቧራ ለብሶ፣ ሞተሩ ሥር ተቀምጧል። የሽቦ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ይጎትታል። ላስቲኩን ሊልጥ። ከንፈሩ ደምቷል።

ጮህኩበት። "ልትሞትብኝ ነው? ለዚህ ብረት?" ሽቦውን ነጠቅኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም... አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው።

አጠገቡ ዘፍ አልኩ። ላነሳው አቅምም የለኝ። ቆይቶ መቀሴን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁና የሽቦውን ጫፍ ዙሪያውን ቀስ ብዬ ቆረጥኩ፣ ሳብ አደረግኩት። መዳቡ ብልጭ አለ። ክር ቆርጦ መግፈፍ ነው፣ ሥራዬ አይደል?

"እንዲህ ነው?" አልኩት።

መዳቡን አየ፣ እጄን አየ። "ሱታ" አለ።

ቀስ በይ ማለት ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ሁሉ የሚለው። ገባኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ማሽኑን እዘጋለሁ። እሱን ደግፌ በረንዳው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጀርባው ግድግዳ፣ ጎኑ ትራስ። ሽቦዎቹን መሬት ላይ ዘርግቼለታለሁ። በአማርኛ አልጠይቀውም። እያነሳሁ አሳየዋለሁ፣ እሱ በቋንቋው ስሙን ይላል።

"ዲማ።" ቀይ። "ጉራቻ።" ጥቁር። "ቃቢ።" ያዢ። "ሚቲ።" አይደለም። ይቺን ሚቲ ዛሬ መቶ ጊዜ ሰማኋት።

ከዚያ "ቦራ" አለ። ምንድን ነው ቦራ? ቀዩን አነሳሁ፣ ሚቲ። ጥቁሩን፣ ሚቲ። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን... ሚቲ፣ ሚቲ! ሳጥኑን በእግሩ ገፋው። እኔም ፒንሳውን ወረወርኩ። ለቤቲ ደወልኩ፣ ተልተሌ ታስተምራለች፣ ክፍል ገብታለች። ለእትዬ ቃባሌ ደወልኩ።

"ቦራ?" ሳቁ። "ቦራ ላም ናት።"

"እትዬ፣ እኔ ሽቦ ነው የያዝኩት።"

"ቀለሟ ነዋ! ቢጫም አይደለች፣ አቧራም አይደለች። አመዱ ደግሞ ዳለቻ ነው። ልጅ ሆኖ ከብት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ በቀለም የሚለየው እሱ ነበር። ሌላው ሲሳሳት እሱ አይሳሳትም።"

ቢጫውን አነሳሁ። ጃታኒ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ... ቦራ።

አረንጓዴውንስ? አረንጓዴ ላም የለ! አነሳሁት። አሰበ፣ አሰበ። "ማርጋ።" ይሄን አውቃለሁ። የገበያ ሴቶች ለከብት ተሸክመው የሚሸጡት፣ ሳር።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ገባ።

በዚህ ደብተር መጀመሪያ ላይ የደንበኛ ልክ ነው፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። መሀሉ ላይ የሱን ቃላት መጻፍ ጀመርኩ። ኃምሳ ሁለት ደርሰዋል። የመቶ አለቃው ሚስት ገልጣ አየችና "ትምህርት ቤት ገባሽ እንዴ በዚህ ዕድሜ?" አለች። ገባሁ አልኳት።

ዓብዱሰላም የሽቦ ጫፍ መጭመቂያ ፒንሳ አዋሰን። ጃታኒ የሚለውን ለኔ ያስረዳኛል ብዬ ነበር፣ ጥቂት አዳምጦ "እናንተው ተግባባችሁ እኮ" ብሎ ሄደ።

ዛሬ የገባኝ፦ ከባትሪው ወፍራሙ ዲማ ይወጣል፣ ወደ ሳጥኑ። ከሳጥኑ ለየብቻ፣ በየፊውዙ። አንዱ ለፊት መብራት፣ አንዱ ለክላክስ፣ አንዱ ለፍሬቻ፣ አንዱ ለፍሬን መብራት። ሁሉም ጉራቻ ደግሞ ወደ ብረቱ ይመለሳል። የብረቱን ቀለም ካልፋቅሽ አይሠራም... ይሄን በቃል አልነገረኝም፣ ቢላውን አስያዘኝና እጄን በግራ እጁ ይዞ ፋቀ። እጁ ይሞቃል። ከኅዳር ወዲህ እኔ እሱን እንጂ እሱ እኔን አልነካኝም ነበር።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ትናንት ያሰርኩት ሽቦ ተፈትቶ አገኘሁት። "ኤኙ?" አልኩት፣ ማነው? አዲስ ቃሌ ናት።

"አንቱ" አለ።

"እኔን ነው አንቱ የምትለኝ? በስተርጅና አከበርከኝ?"

ደረቱን በጣቱ መታ። "አንቱ! አንቱ!" ለካ በነሱ "እኔው ነኝ" ማለት ነው። ስህተት ነበር፣ ራሱ ፈቶታል፣ በግራ እጁ። ከዓመታት በኋላ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

የካቲት 16፣ ሰኞ

አልቻልኩም።

ጠዋት አልጋው ላይ አመለጠው። ሳነሳው ተያይዘን ወደቅን፣ ጉልበቴ አበጠ። አንሶላ አጥቤ ስመለስ ልብስ ያዘዘችኝ የአንዲት ሙሽራ እናት በር ላይ ቆማለች፣ ልብሱ አልደረሰም። "ሌላ ልብስ ሰፊ የለም መሰለሽ" አለችኝ። ጃታኒ ከውስጥ ይጠራኛል። በረንዳ፣ ሽቦ፣ በረንዳ። የኔን መድከም አያይም? አያይም። ወይም ያያል፣ ምን ያድርግ?

ለእትዬ ቃባሌ ደወልኩ። "ይምጡ" አልኳቸው። "ይውሰዱት።"

እሳቸውም "ከፋሲካ ማግስት በሳምንቱ እመጣለሁ፣ ከብቱን የማስረክበው ሰው ልፈልግ" አሉ። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር።

ለሱ አልነገርኩትም። በየትኛው ቋንቋ ልንገረው?

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሥራ ቀጥለናል። የፍሬቻው አለቀ። እሱ እንደሚወስዱት አያውቅም። አጠገቡ ስቀመጥ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዓብዱሰላም የተሞላ ባትሪ አመጣ። አስረን ቁልፉን አዞርኩ። የፊት መብራቱ በራ! ፍሬቻው ጧ ጧ አለ። ከዚያ ክላክሱን ስነካ... ጢቅ። ትንሽ ድምፅ። ክላክሱ ዝም።

ሽቦ አቃጠልኩ ብዬ ተርበተበትኩ። "ኢቢዳ! ኢቢዳ!" አልኩ፣ እሳት። ዘልዬ ቁልፉን ላጠፋ ስል ጃታኒ ይስቃል። በጠማማው አፉ፣ ምራቁ እየወረደ፣ ይስቃል። በጣቱ ሳጥኑን አሳየኝ። ከፈትኩ። ከአራቱ አንዷ ፊውዝ ብቻ ውስጧ ተበጥሷል። ሌላው ደህና ነው፣ መብራቱም እንደበራ። የክላክሱን ቦራ ስልጥ አብዝቼ ልጬው ብረቱን ነክቶ ነው።

ትርፍ ፊውዝ ከኪሱ አወጣ። አቀበለኝ። "ሱታ" አለ።

ዓብዱሰላም "ጃታኒ ለዚህ ነበር የለፋው" አለኝ። "አንዷ ትሙት፣ ሌላው ይኑር ብሎ።"

መጋቢት 20፣ እሑድ

ጨረስን።

ሽቦውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ናስትሮው ሳይበቃ ሲቀር በጂንስ ክር ሰፋሁት፣ በድርብ። ጃታኒ ስፌቱን በጣቱ ተከትሎ ከመሪው እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ ዳሰሰ። ሚቲም አላለም።

ዓብዱሰላም ረገጠው። አንዴ፣ ሁለቴ... በአምስተኛው ተነሳ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጎረቤት በአጥር አየ። ጭሱ ውስጥ ቆሜ አሳለኝ።

ሞተሩ ሲጠፋ ጃታኒ ማውራት ጀመረ። ለኔ! እኔን እያየ። ረጅም ነበር፣ ግማሹን አልያዝኩትም። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃ እያቀባበሉ ይዘፍናሉ። እሱ ልጅ ነው፣ ከታች ነው ያለው፣ ይፈራል። እናቱ ከላይ ሆነው ስሙን ይጠሩታል። ይሄን ያህሉን ያዝኩ። በሃያ አራት ዓመት በአማርኛ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ለምን? አማርኛው ለዚህ አይበቃው ይሆን? ወይስ እኔ ጠይቄው አላውቅም?

እትዬ ቃባሌ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ዶሮ ሠራሁ። ፈረሰኛውን እሱ በላ። ቤቲ ደወለች። "ነገርሽው?" አለችኝ። አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

እትዬ ቃባሌ ገቡ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ያው እንደ ወንድማቸው። አቧራ ለብሰው። "አካም ቡልቴ?" አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ፤ "ናጋ" አልኩ፣ ደህና፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው። እንደ ሕፃን እየተሳሳትኩ። እጄን ያዙኝና አልለቀቁም።

ከምሳ በኋላ ልብሱን ማጠፍ ጀመሩ። ጃታኒ አየ። ሻንጣውን አየ። እሳቸውን አየ። "ሂን ዴሙ" አለ። አልሄድም።

እሳቸው ሊያባብሉት ሞከሩ። እዚያ ዘመድ አለ፣ ወተት አለ... እሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። "ሂን ዴሙ፣ ሂን ዴሙ!" በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ያዘ። እሳቸው ወደኔ ዞሩ። ምን ይበሉ? እኔ ጠርቻቸው የመጡ ሴት፣ እንደ ነጣቂ ቆመው።

አልቻልኩም። ፊቱ ተንበረከክኩ።

"አንቱ ዋሜ" አልኩት። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።

አየኝ። ዓይኑ ያስፈራ ነበር።

"አን ደደቤ፣ ጃታኒ። አን ደደቤ።" ደክሞኛል። ሌላ ልል ነበር፣ ብዙ ነገር፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ጉልበቴ፣ እንደማልጠላህ... ቃሉ የለኝም። የነበረኝ ያ ብቻ ነው። በአማርኛ ቢሆን ዙሪያውን እዞር ነበር፣ እሸፋፍነው ነበር። መሸፈኛ ቃል ገና አልተማርኩም።

የአልጋውን ብረት ለቀቀ። እጁ ፀጉሬ ላይ መጣ።

"ቤካ" አለ።

አውቃለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ለእህቱ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ እኔም እንድይዘው ቃል በቃል። ነን ዴማ። እሄዳለሁ። ዝናቡ እስኪያልፍ። እሷ ትተኛ። ከዚያ ነን ዴቢአ፣ እመለሳለሁ።

እትዬ ቃባሌ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ተነስቼ ሸሚዞቹን እንደ ገና አጠፍኩ፣ የእሳቸው አስተጣጠፍ ደህና አልነበረም።

ሚያዝያ 13፣ ማክሰኞ

ሄደ። ዓብዱሰላም በመኪና መናኸሪያ አደረሰን፣ ተሸክሞ አውቶቡስ አስገባው። ከመውጣታችን በፊት ጃታኒ የሞተሩን ቁልፍ አስጨበጠው። ዓብዱሰላም "ለምን?" ሲለው "ዴምሲሲ" አለው፣ ንዳው። ሰባብረህ ሽጠው አላለም። ንዳው።

ማታ በረንዳው ባዶ ነው። ዘይት የነካው ሲሚንቶ ብቻ።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። የሞትኩ መስሎአት ጎረቤቴ ቅድስት በር ደበደበች።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ዓብዱሰላም በሞተሩ አለፈ። የዘይት ካርቶን ከኋላ ጭኖ። ደጄ ላይ ሲደርስ ክላክስ አደረገ። ወጥቼ አየሁት፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬቻውን አብርቶ ዞረ። እኔ የሰፋሁት ነው! ለማን ልንገር?

ግንቦት 9፣ እሑድ

በየቀኑ ከሰዓት በስልክ እናወራለን። ስልክ ላይ ፊት የለም፣ ጣት የለም፣ ማሳየት የለም። ቃል ብቻ። ሲጠፋኝ "ቆይ" ብዬ ደብተሬን እገልጣለሁ፣ እሱ ይጠብቀኛል። እሱም ሲጠፋው እኔ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም እንጠፋለን።

ዛሬ ሦስት እርምጃ በምርኩዝ ሄዷል አሉ እትዬ ቃባሌ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዕረፍት ፈልጌ አልነበር? አረፍኩ። አሁን ምንድን ነው የሚጎድለኝ?

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ተመለሰ። ጠቁሯል፣ ፊቱ ሞልቷል። ምርኩዝ ይዞ ከአውቶቡሱ በር እስከ ባጃጁ ራሱ ሄደ፣ እኔ ከኋላው እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካው።

ብቻውን አልመጣም። ፍየል ይዞ ነው። እህቱ የሰጡት። "ለወተት" አለኝ በኦሮምኛ። አንድ ክፍል ተኩል ቤት፣ ግማሹ ጨርቅ የሞላበት... ፍየል!

ማጠቡ፣ ማልበሱ እንደ ገና ተጀመረ። ድካሙ ያው ነው። ዕድሜዬ ላይ ዐሥር ዓመት ጨምሮብኛል።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ተጣላን።

ፍየሏ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ በላች። ሁለት ቀን የሠራሁበት ዳንቴል! በሩን ክፍት የተወው እሱ ነው። ጮህኩ። ሁሉንም በኦሮምኛ፣ ምንም ሳላስብ፣ ደብተር ሳልገልጥ። ፍየልህ፣ እህትህ፣ ዘርህ፣ ምርኩዝህ... "ሬኤን ኬ ኛታ!" አልኩ፣ ፍየልህ በላች ለማለት።

"ኛቴ" አለኝ። ኛታ ይበላል ነው፤ በላች ኛቴ ነው።

እየተጣላን ያርመኛል!

እሱም ተነሳ። በምርኩዙ መሬቱን እየመታ፣ እኔ ቤት ጨርቅ ከሰው ይበልጣል፣ ሁለት ወር ፍየሏን ያሳደጋት እሱ ነው፣ ቀሚሱን ከመሬት ያላነሳሁት እኔ ነኝ ይለኛል። ቃል ሲጠፋው ቆም ይላል። እኔም ንዴቴን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲያገኘው ቀጠለ። ቅድስት በአጥር ብቅ ብላ "ምን ሆናችሁ?" አለች። ሁለታችንም እኩል "ምንም!" አልናት፣ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ።

አሁን እሱ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኛል። እኔ ማሽኑ ጋ ነኝ፣ እጅጌውን እንደ ገና እየቆረጥኩ። ሻይ አፍልቻለሁ፣ ጠይቆ ካልወሰደ አልሰጠውም። ከስትሮኩ ወዲህ ሳዝንለት፣ ሳጥበው፣ ሳጎርሰው ነው የከረምኩት። ለካ የሚያዝኑለትን ሰው አይጣሉትም።

ነገ እታረቀዋለሁ። ዛሬ ግን አኩርፌያለሁ።